ቋሚው መምህር ምን ላይ ቆሟል?

ሐሙሲት ስሟም ገበያዋም ሐሙስ ነው። ባለፈው ሐሙስ እህል ተራ ስዞር ጤፍ በመዳፋቸው እያፈሱ፣ ወደ ፀሐይ እያዞሩ፣ ከነጋዴዋ ጋር ዋጋ የሚከራከሩ ሰውዬ አየሁ። ያወቅኳቸው በጀርባቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ያየሁት ጀርባ እንዴት ይጠፋኛል?

"መምህር!" ስላቸው ዞር አሉ። ትንሽ አፈሩ መሰለኝ፤ ከዚያ ሳቁና ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። ጤፉ ለራሳቸው ብቻ አልነበረም። አራት መምህራን ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በየወሩ በየተራ አንዳቸው ወደ ገጠር ገበያ ወጥተው ኩንታል ገዝተው ይመለሱና ይካፈላሉ። የዚህ ወር ተራ የእሳቸው ነው። የሚያስተምሩበትን ዩኒቨርሲቲ አልጠራም። ሚኒባሳቸው ወደ ወረታ ይሁን ወደ ባሕር ዳር እንደሄደም አልነግራችሁም፤ ሰው እንዳይለያቸው።

ሻይ ልጋብዝ ብዬ ማን ይከፍላል በሚለው ተጣላን። ተሸነፍኩ፤ እሳቸው ከፈሉ። "መምህር፣ ለምን ሌላ ነገር አይሞክሩም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ፒኤችዲ አላቸው፤ እንግሊዝኛቸውም ከብዙ የዕርዳታ ድርጅት ሪፖርት ይሻላል።

"ቋሚ እኮ ነኝ" አሉኝ። ስኒውን አስቀመጡና "ከቋሚነቴ በቀር ቋሚ ነገር የለኝም እንጂ" ብለው ጨመሩ።

ወዳጆቼ፣ ይቺ አባባል ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደሞዝ ብዙ ተብሏል። በኅዳር 2015 መምህራኑ ሥራ ለማቆም ጥሪ ሲያደርጉም፣ ከዚያም በኋላ፣ ጭቅጭቁ "ስንት ይጨመር?" የሚል ነው። እኔ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል። ደሞዙን የሚሰጠው እጅ እና ቋሚነቱን የሚሰጠው እጅ አንድ ከሆነ ቋሚነት ምንድን ነው?

በሌላው ዓለም "ቴኑር" የሚሉት ነገር አለ። አንድ መምህር ለዓመታት ተፈትኖ፣ በሙያ ባልደረቦቹ ተመዝኖ ካለፈ በኋላ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ አግባብ ያለው ችሎት ከሥራው አይነሳም። ለስንፍና የተሰጠ ሽልማት አይደለም። የአሜሪካ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ከኮሌጆች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው መግለጫ ሁለት ምክንያት ሰጥቶታል። አንዱ የማስተማርና የመመራመር ነፃነት ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ችሎታ ያለው ሰው ወደ ሙያው እንዲሳብ የሚያደርግ የኑሮ ዋስትና ነው። ያለ ኑሮ ዋስትና ነፃነቱ እንደማይቆም ያኔም ያውቁ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1988 በሕግ ለአዲስ ተቀጣሪዎች አስቀርተውታል፤ አሜሪካም ውስጥ ዛሬ በኮርስ ልክ የሚከፈለው መምህር በዝቷል። እነሱም ጋ ነገሩ እየተሸረሸረ ነው ለማለት ያህል ነው።

እኛ አገር ኢትዮጵያዊው መምህር እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ "ቋሚ" ይባላል። ይህ ቋሚነት ሲፈተን ምን እንደሚመስል ያየነው በ1985 ነው። በታኅሣሥ ወር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ተቃውመው ወጡ፤ ጥይት ተተኮሰባቸው። በሚያዝያ ከ40 በላይ መምህራን በደብዳቤ ተሰናበቱ። ከእነሱ አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ የሕክምና ፋኩልቲውን በዲንነት የመሩ፣ ስንቱን ሐኪም ያሠለጠኑ ቀዶ ሐኪም። በባልደረቦቻቸው ፊት የተሰማ ክስ የለም። አንድ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ፣ በቃ። ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ድምፁ እንደጠፋ የሚያውቅ ያውቃል።

ዛሬ እንዲያ ዓይነት ደብዳቤ ብዙም አያስፈልግም። ለምን እንደማያስፈልግ ለማየት ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ መከተል ይበቃል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ደሞዝ ከዩኒቨርሲቲው አይመነጭም። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የበጀት ጥያቄ ይዞ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይሄዳል፣ ይሟገታል፣ ይቆረጥበታል፤ ምክር ቤት ያጸድቃል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። ገንዘቡ በየመደቡ ተሸንሽኖ ነው የሚመጣው። የቋሚ ሠራተኛ ደሞዝ 6111 በሚባለው የሂሳብ መደብ ይቀመጣል፤ አበሉ በሌላ፣ ጥገናው በሌላ፣ ግንባታው ጭራሽ በሌላ በጀት። አንድ ፕሬዚዳንት "ይህን አጥር ትቼ ሦስት ጎበዝ መምህር ላቆይበት" ቢል አይችልም። ሰኔ 30 የተረፈው ወደ ግምጃ ቤት ስለሚመለስ ሰኔ ላይ በየግቢው የወንበርና የፕሪንተር ግዢ ሩጫ ታያላችሁ። ወንበር ይገዛል፣ በወንበሩ የሚቀመጠው መምህር ይለቃል።

ይህን ለማስተካከል ቃል የተገባውም ዛሬ አይደለም። የ1995ቱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ዩኒቨርሲቲዎች ጥቅል በጀት ተሰጥቷቸው ራሳቸው እንዲደለድሉት አስቦ ነበር። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 650 ደገመው። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1152 ሲተካውም መምህሩ ደሞዙን የሚቀበለው በዚያው በድሮው መንገድ ነበር። በዚያ ጊዜ ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ሌክቸረር ሆኗል።

እንግዲህ ገንዘቡ በአንድ ቧንቧ ብቻ ሲመጣ ምን ሊሆን ይችላል? ሊሆን የሚችለው ሆኗል፣ ትግራይ ላይ። ከ2013 ሰኔ በኋላ የመቀሌ፣ የአዲግራት፣ የአክሱምና የራያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከ1 ዓመት በላይ ደሞዝ ሳያገኙ ቆዩ። ማንም አላባረራቸውም፤ በወረቀት ሁሉም ቋሚ ነበሩ። ባንኩ ተዘጋ፣ ቧንቧው ደረቀ። ፕሮፌሰር የዕለት ጉርስ ፍለጋ ወጣ።

ይህን ስጽፍ "አንተ የደቡብ ጎንደር ልጅ ሆነህ?" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ተይዞ፣ መድፍ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ወድቆ ቤተሰብ ሲቀበር የት እንደነበርኩ እኔም እናንተም እናውቃለን። ያንን አልረሳሁም። ግን ለመቀሌ መምህር የተዘጋው ቧንቧ ለደብረ ታቦር መምህር የተከፈተው ያው ቧንቧ ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልላችን ያለውን እያያችሁ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ትምህርት ሲቋረጥ እያያችሁ፣ እኛ ላይ አይደርስም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ቧንቧው ሳይዘጋም ማድረቅ ይቻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቅምት 2017 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ስኬል ዝቅተኛውን ደሞዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አደረገ፤ ትክክል ነበር። ከፍተኛውን ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ነው ያደረሰው። በመስከረም 2018 ደግሞ ዝቅተኛው 6,000፣ የዲግሪ ጀማሪ 11,500፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የራሳቸው የማዕረግ ሰንጠረዥ ቢኖራቸውም የሚቀዳው ከዚሁ ጋን ነው፤ ጣሪያው ሲንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። አሁን ግርድፍ ሂሳብ እንሥራ። 20,468 ብር በድሮው ምንዛሪ 360 ዶላር ያህል ነበር። 39,000 ብር በ2018 መግቢያ ምንዛሪ 270 ዶላር ገደማ ነው። በብር እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ደሞዝ በዶላር ሩቡን አጥቷል። "ጤፍ በዶላር አይገዛም" ትሉ ይሆናል። ማዳበሪያውስ? ሚኒባሱ የሚጠጣው ናፍጣስ? ፎገራ ላይ ሩዝ የሚፈለፍለው ማሽን መለዋወጫስ?

እና አንድን መምህር ዝም ለማሰኘት ደብዳቤ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ደሞዙ ሲያንስ ራሱ ዝም ይላል። ቅዳሜና እሑድ ኤክስቴንሽን ያስተምራል፣ ማታ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ያርማል (ያርማል ብለን እንለፈው)፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን የሚፈርምለትን ኃላፊ አያስቀይምም። እኔ በጽሑፍ ልክ የምከፈል ጋዜጠኛ ነኝ፤ ቋሚ ደሞዝ ኖሮኝ አያውቅም። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ የትኛውን ርዕስ እንደማላነሳ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ማንም አይከለክለኝም። ራሴው አላነሳውም።

ደግሞ ቋሚነቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚያስር ገመድ ነው። መምህሩ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ሲላክ ውል ይፈርማል፣ ዋስ ይጠራል፣ ተመልሶ ይህን ያህል ዓመት ላገልግል ይላል። መንግሥት የከፈለበትን መጠየቁ ነውር የለውም። ነገር ግን መምህሩ እንዳይሄድ ውል ሲኖር፣ በሚቆይበት ጊዜ ደሞዙ ኑሮውን እንደሚችል የሚያስገድድ ውል በሌላው ወገን የለም። ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ትዝ ትለኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ሸልመዋል፣ አክብረዋል፣ ሴባስቶፖልንም አሠርተዋል። መሄድ ግን አልተፈቀደላቸውም። የእኛዎቹ ሽልማቱም የላቸው።

ይህ አገር ግን የመምህርን ኑሮና ሥራ ማያያዝ የማያውቅ አገር አልነበረም። ጎንደርና ጎጃም ውስጥ መሪጌታው፣ ደብተራው የሚኖረው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። ሪም ይባላል አንዱ ዓይነት። እስካገለገለ ድረስ መሬቱን ይበላል፤ አገልግሎቱን የሚያውቁለት አብረውት የሚቆሙ ሊቃውንት ናቸው። ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የቆዩት፣ ሁለቱም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በጀት እየተላከላቸው አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ኑሮ አበቃ። አዋጁ ለጭሰኛው ምን እንደነበረ አውቃለሁ፤ አያቴ ሲያወሩት ዓይናቸው ይበራ ነበር። ያንን ሥርዓት መልሱ እያልኩ አይደለም። ጌታው መሬቱን መንጠቅ ሲፈልግ ይነጥቅ ነበር፣ ተማሪውም ኮቾሮ ለምኖ ነው የተማረው።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና፣ በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው፣ ከሊቃውንቱ አንዱ ነበሩ። እንደሚተረከው አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ፤ የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም አሉ። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ያ ስልት የበቀለው ደብረ ታቦር ነው። ዛሬ በየደብሩ "ተክሌ" ሲዘመም ታያላችሁ። ጎንደር የዘጋውን ደብረ ታቦር ሊከፍተው የቻለው የራሱ ሊቃውንት፣ የራሱ ደብር፣ የራሱ መተዳደሪያ ስለነበረው ነው። አንዱ በር ሲዘጋ የሚንኳኳ ሌላ በር ነበረ። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ከ40 በላይ በር ይመስላል፤ የሁሉም ቁልፍ ግን በአንድ ኪስ ውስጥ ነው።

"ለዚህ እኮ ነው ራስ ገዝነት የመጣው" የሚል አንባቢ እየጠበቅኩ ነበር። እውነት ነው፤ የ2015ቱ አዋጅ ቁጥር 1294 መንገዱን ከፍቷል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀድሞ ገብቶበታል። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ይቀጥራል፣ ራሱ ደሞዝ ይወስናል፣ ከመንግሥት ከሚሰጠው በተጨማሪ ከክፍያ ተማሪና ከራሱ ገቢ ያገኛል። በመርህ ደረጃ የምደግፈው ነገር ነው። ግን ስድስት ኪሎ የሚሠራው ሁሉ ደብረ ታቦር ላይ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ ማታ የሚማር የባንክ ሠራተኛ፣ የሚከራይ አዳራሽ፣ ማማከር የሚፈልግ ድርጅት አለ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛው ትውልድ ከሚባሉት ነው፤ ከፊሉ ተማሪው የጋይንት፣ የእስቴ፣ የፋርጣ፣ የደራ ገበሬ ልጅ ነው። ከማን ክፍያ ሰብስቦ ለማን ደሞዝ ይጨምር?

"በተማሪ ቁጥር ይከፈለው" የሚሉም አሉ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ፈተና ላይ ያልተቀመጠውን ጨምሩበት። የመምህሩን ደሞዝ በተማሪ ቁጥር ላይ ከሰቀልነው፣ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ባጠበቀ ቁጥር የሳይንስ መምህሩ ጤፍ ይቀንሳል ማለት ነው። ምንም ያላጠፋ ሰው!

የእኔ ሐሳብ ብዙዎቻችሁን አያስደስትም ይሆናል። መነሻ ደሞዙ፣ ማለትም መምህሩ በማዕረጉ ልክ ለመኖር የሚበቃው ገንዘብ፣ ከዓመታዊ ልመና ወጥቶ ለበርካታ ዓመት በሕግ ይታሰር፤ ከተማሪ ቁጥርም፣ ከፕሬዚዳንቱ ፊርማም፣ ከክልሉ ፀጥታም ይለይ። ከኑሮ ውድነት ጋርም በየዓመቱ ይስተካከል፤ አድማ እስኪጠራ አይጠበቅ። ዩኒቨርሲቲው ከራሱ ገቢ የሚጨምረው በዚያ ላይ ይሁን። ቋሚነትን ደግሞ የሰው ሀብት ቢሮ በቅጥር ቀን አይስጥ፤ ከዓመታት ሥራ በኋላ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የሙያ ሰዎች ጭምር መዝነው ይስጡት። እነሱ የሰጡትን እነሱ ብቻ፣ በግልጽ ችሎት ይንሡት።

ይህ ማለት የማያልፍ ይኖራል ማለት ነው። አዎ። አንድ ሃንድአውት 15 ዓመት ሲያባዛ የኖረ መምህር ሁላችንም አስተምሮናል፤ ስሙን እንዳትጽፉብኝ። አሁን ባለው አሠራር በደንብ የተጠበቀው እሱ ነው፤ ጎበዙ ለቆ ሲሄድ የሚቀረው እሱ ስለሆነ። "ቋሚ ካደረግነው ይሰንፋል" የሚለው ክርክር የሚሠራው ሳይመዝኑ ቋሚ ላደረጉት ሰው ነው።

ገንዘቡስ ከየት? ለመስከረም 2018ቱ ጭማሪ መንግሥት 160 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ ወጪ አድርጌያለሁ ሲል ሰምተናል፤ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። እኔ ግን ወደ ግቢዎቹ ግቡና ተመልከቱ ነው የምለው። ብረቱ ዝጎ ሰማይ የሚያይ ያላለቀ ሕንፃ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ ካያችሁ ንገሩኝ። በአንድ ክልል ውስጥ በአምስት ዩኒቨርሲቲ የተከፈተ፣ በእያንዳንዱ እፍኝ ተማሪ ያለው ዲፓርትመንትም አለ። ሁለቱን አቆይቶ ለሁለቱ መምህራን በደንብ መክፈል ይቻላል። የሚዘጋበት ከተማ ይጮኻል፤ የእኔም አካባቢ ቢሆን ይጮኻል። አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ለመምህሬ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ክፍል ውስጥ ደካማ ጥያቄ ስጠይቅ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው።

"ማን ይመዝነናል ያልከው ላይ ተጠንቀቅ" አሉኝ። "መዛኙም እኮ በ6111 ነው የሚከፈለው።"

መልስ አልነበረኝም። ረዳቱ ኩንታሏን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲያወጣ አብሬ ገፋሁ። ለጭነት የጠየቃቸው ገንዘብ በዛ ብሎባቸው ትንሽ ተከራከሩ፤ ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ከፈሉ። ነገ 2፡30 ክፍል አላቸው።